የግራዝማች ሱሪ

ባለፈው የገበያ ቀን፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ አንዲት ወጣት የሕፃናት ልብስ በገመድ አንጠልጥላ ስትሸጥ አገኘኋት። ዕድሜዬን ሁሉ በልብስ ስፌት መኪና ላይ ያሳለፍሁ ሴት ነኝና የተሰቀለ ልብስ ሳልዳስስ ማለፍ አልችልበትም። አንዲት ትንሽዬ ሱሪ አንስቼ ገለበጥኋት። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ኪስ አላት። ጣቴን ወደ አንዱ ልሰድድ ብል አልገባም አለ። ኪሱ የውሸት ነው፤ ክር ሮጦበት ኪስ መሰለ እንጂ አፍ የለውም። ሳቄ መጣ።

«እማማ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለችኝ ልጅቷ።

«ኪሱን ማን ዘጋው ብዬ ነው።»

«ሕፃን ምን ይከትበታል ብለው ነው? ዲዛይን ነው እኮ።»

እውነቷን ነው፤ ሕፃን የሚከተው ነገር የለውም። ቢሆንም ቤቴ እስክደርስ ድረስ አንዲት ሌላ ሱሪ ፊቴ ላይ ድቅን ብላ አልሄድ አለችኝ። ስንት ዓመት እንደሆናት ልቆጥር ብል ጣቶቼ አይበቁኝም። ብቻ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጠጉሬን ሹሩባ ተሠርቼ፣ በአበባ ቺት ቀሚሴ ላይ የባሌን ሹራብ ደርቤ፣ እዚሁ ደባርቅ በራፌ ላይ መኪናዬን እዘውር ነበር።

የተወለድሁት ዳባት ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልወለደ ይሁን እኔ ከመኪናው ሥር አልነሣ ስላልሁት እንጃ፣ ገና እግሬ መርገጫው ላይ ሳይደርስ ጀምሮ አስተማረኝ። ስዳር ከብት ልስጥሽ ቢለኝ፣ የለም መኪናህን ስጠኝ አልሁት። እየሳቀ ሰጠኝ። እኔና መኪናዬ ሽንብራ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ደባርቅ ገባን። ባሌ አስናቀ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ሙሽራዪቱን አይቶ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ መኪናዋን ሲያይ ግን፣ «ይቺንስ የት እናስቀምጣታለን?» አለ። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። በራፉ ላይ አስቀመጥናት፤ እዚያው ቀረች።

ያን ጊዜ ደባርቅ እንደዛሬው አልተንሰራፋችም። ዛሬ ባጃጁ፣ ሆቴሉ፣ ቦርሳውን ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው ቱሪስት መንገዱን ይሞላዋል፤ ያኔ ከጎንደር የሚመጣው መንገድ ከተማይቱን ሰንጥቆ ወደ ሊማሊሞ ያልፍ ነበር፤ በቃ። ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ሹፌሮቹ ፍሬናቸውን ሊያዩ ይቆማሉ፤ ሴቶች የገብስ ቆሎ በኩባያ ይሸጡላቸዋል፤ ኩባያው አምስት ሳንቲም ነበር። ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ቆርቆሮው ወደ መንገዱ የወጣ በረንዳ ነበር። እዚያ ሥር አራት ወንዶች ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ይውላሉ። ማዶ ጥግ ላይ ራዲዮ ያለው ጠጅ ቤት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሲጀምር አራቱም እግራቸውን በዘፈኑ ልክ ያስኬዱታል። ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል፤ ደንበኛ የሆነ ሰው «የኔን ትዝታ ሲዘፈን ስፋልኝ» ይላቸው ነበር፤ ቀስ ብለው እንዲሰፉለት። የሚሰፋው በብዛት ካኪ ነው። ለተማሪው ቁምጣ፣ ለባላገሩ ተነፋነፍ፣ ለመምህራኑ ደግሞ ከታች እንደ ደወል የተዘረጋ ቦላሌ። እግር ላይ ያለው የላስቲክ ጫማው ኮንጎ ነው፤ ካልሆነም ከጎማ የተሠራ በረባሶ። ሕፃን ልጅ ግን ሱሪ አይሰፋለትም። ሕፃን በአንቀልባ የእናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ የአባቱ አሮጌ ሸሚዝ ተቆርጦ ከደረሰውም ተመስገን ነው። ሱሪ የሚያየው ፊደል ሊቆጥር ቄስ ትምህርት ቤት ሲላክ ነው፤ ያውም ከታላቁ የወረደ።

እኔ ከአራቱ ሰፊዎች ጋር አልነበርሁም። በረንዳው ከቤቴ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ግን እኔ ዘንድ የሚመጣው የሴት ቀሚስ፣ የትራስ ልብስና የተቀደደ ጆንያ ነበር። ሱሪ የወንድ ሥራ ነው ይባላል። በአባቴ ቤት የሰፋሁትን ሱሪ ብዛት ብነግራቸው ሊያምኑኝ አይፈልጉም። የአራቱ አንጋፋ ጋሽ ውብሸት ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን እሳቸውም፣ «ልጄ፣ አንቺ ሰፍተሽው ወንድ የት ለብሶት ይወጣል?» ይሉኝ ነበር።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው፣ በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ከአምቢኮ የመጣ በቅሎ ጫኝ በረንዳው ሥር የቆመው። ዘውዱ ይባላል፤ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጅም፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው። ሦስት ቀን ተጉዞ ነበር። የሚናገረው አይሰማኝም፤ የሰፊዎቹ ሳቅ ግን ይሰማኛል። አንዱ፣ «ለሰው ነው ወይስ ለአይጥ?» ሲል ሰማሁት። ሌላው ወደ እኔ ጠቆመው። «እዚያች ሴት ዘንድ ሂድ፤ የአሻንጉሊት ሥራ የእሷ ነው።»

መጣና ፊቴ ቆመ። የፌዙ ነገር የገባው አይመስልም፤ ወይም ገብቶት ንቆታል። ከጋቢው ሥር ሁለት ነገር አወጣ። አንደኛው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ጥቁር የሱፍ ካፖርት ነው፤ ብብቱ የተበላ፣ ክርኑ የነተበ፣ ጀርባው ግን ደኅና።

«እቴ፣ የሰባት ወር ልጅ አለኝ» አለ ዝግ ብሎ። «በዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ሱሪ፣ ከዚህ ካፖርት ላይ እንድትሰፊልኝ ነው።»

«ካፖርቱ የማን ነው?»

«የሚስቴ የጥሩዬ አባት ይለብሰው ነበር። ሞቷል። ከእሱ የቀራት ይኸው ነው።»

ወረቀቱን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። ይቀመጡ ብዬው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ነገሩን ከሥሩ አወራኝ። ዋልያ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ተራራው ላይ ጨነቅ በሚባል ቦታ ድንኳን ተክሎ ነበር። ዘውዱ ዕቃቸውን ሲያመላልስ፣ ጥሩዬ ልጇን አዝላ እንቁላል ልትሸጥ ትሄዳለች። ሁለቱ እናቶች ቋንቋ አይግባቡም፤ ግን ልጆቻቸው እኩያ ስለሆኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያጠባሉ። አንድ ቀን ፈረንጇ የልጇን ሱሪ አውልቃ ለጥሩዬ ልጅ አለበሰችው። ልክ ሆነው። ትንሽ ቆይታ መልሳ ወሰደችው፤ ለልጇ ሌላ አልነበራትም። ሲሄዱ ግን ራሷ የሰፋችበትን ንድፍ ሰጠቻት።

«ከእሱ በፊት ሦስት ቀብረናል» አለ ዘውዱ። «እናቴ፣ ልጅ ሲያምር ዓይን ይበላዋል፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት ትላለች። ስሙን እንኳ በሰው ፊት አትጠራውም። ጥሩዬ ግን አንድ ነገር ብላ ልቤን ነካችው። ‹ያን ሱሪ ለብሶ ሳየው የሚኖር ልጅ መሰለኝ› አለችኝ። እንግዲህ ምን ልበላት? ለጥምቀት ይድረስልኝ።»

እኔም ያን ጊዜ አግብቼ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ገና አልወለድሁም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዋጋውን ሳልነግረው፣ ንድፉን እንኳ ሳልዘረጋ፣ «እሰፋዋለሁ፤ ከገና በኋላ ይምጡ» አልሁት።

ማታ አስናቀ ሲመጣ ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘረጋነው። ተአምር ነበር። አንድ ጊዜ የሞላ፣ አንድ ጊዜ የተቆራረጠ መስመር፤ ቀስት፤ ቁጥር፤ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን። ከፊት ወደ ጎን የዘመሙ ሁለት ኪሶች፣ ከኋላ ክዳን ያላቸው ሁለት፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ፣ ከታች የሚታጠፍ ጠርዝ፣ በትከሻ የሚተላለፍ ማንገቻ። ከሁሉ የገረመኝ የእግሮቹ የውስጥ ለውስጥ ስፌት ነው። ከአንዱ ቁርጭምጭሚት እስከ ሌላው በቁልፍ የሚከፈት ነው፤ ልጁ ሲያረጥብ ሱሪውን ሳያወልቁ ጨርቁን ለመለወጥ። ይህን ያሰበች ሴት ናት፣ ወንድ አይደለም አልሁ። አስናቀ መዝገበ ቃላቱን አምጥቶ ቃል በቃል ይፈታልኝ ጀመር። «ይኸ እጠፊ ነው የሚለው። ይኸ ሁለት ቁረጪ ነው።» ከታች በደቃቁ የተጻፈች አንዲት መስመር ቀረች። ብዙ አያት። «ይቺስ?» ስለው፣ «ይቺ የወረቀቱ ዋጋ ትሆናለች፤ ተያት» አለኝ።

ዋጋው አልነበረም። በማግስቱ ካፖርቱን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ልክ በመስመሩ ቆረጥሁት። የረጠበ ሱፍ ካውያ ሲያርፍበት የሚሸተውን ሽታ እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ እያዜምሁ ነው የሠራሁት። ኪሶቹን ከአቡጀዲ ገበር አውጥቼ አስገባኋቸው። ከጎን ከጎን ገጣጠምሁት፤ ቁልፍ የሚገባበትን ውስጡን ለጊዜው በክር አያያዝሁት። ከዚያ የጎረቤቴን የሰባት ወር ልጅ ተውሼ ላለብሳት ብል፣ ሱሪው ባቷ ላይ ቀረ። ገፋሁት። ልጅቷ ጮኸች። ለካ ያቺ ደቃቅ መስመር የምትለው፣ ለስፌት የሚሆን ትርፍ በዙሪያው ጨምሩ ነው። የአባቴ ሴት ልጅ፣ ስንት ሱሪ ሰፍቻለሁ ባይ፣ ያለ ትርፍ ቆርጬ የሞተን ሰው ካፖርት አበላሸሁት። ከካፖርቱ የቀረው የተበላው ብብትና የነተበው ክርን ነው።

ሱሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ገዝቼ የምተካው ጨርቅ ቢሆን ዕዳው ቀላል ነበር። አስናቀ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በዚያው ሁኔታ አገኘኝ። ነገርሁት። ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ስለገባው ይሁን ስላዘነልኝ፣ ደብተሩን አስቀምጦ አጠገቤ ቆመ። እኔ ያየሁት ግን ፊቱን አይደለም፤ እግሩን ነው። ያ ቦላሌው፣ ከጉልበቱ በታች የሚረግፈው፣ በሄደ ቁጥር አቧራ የሚጠርገው፣ ወርቅማ ካኪ። ከሁለት ሱሪዎቹ አንዱ ነው፤ ያውም የሚኮራበት።

«አስናቀ፣ ሱሪህን አውልቅ» አልሁት።

«ለምን?»

«አውልቅ ስልህ።»

ከእያንዳንዱ እግር የተንዘረፈጠውን ቆርጬ አወጣሁበት። ያን ወርቅማ ጨርቅ በጣት ስፋት ረዘም አድርጌ ቀድጄ፣ የሕፃኑን ሱሪ ጎኑን ተርትሬ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት በሁለቱም በኩል አስገባሁት። ሱሪው ሰፋ። ጥቁሩ ሱፍ ላይ የካኪው መስመር ፏ አለ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ የሚደረበውንም፣ የኋላ ኪሶቹን ክዳንም፣ ማንገቻውንም ከዚያው ከካኪው አወጣሁት፤ እንዲያ ሲሆን መስመሩ ብቻውን የስህተት ጥጋኝ አይመስልም፤ ሆን ተብሎ የታሰበ ይመስላል። የካፖርቱን የእጅጌ ቁልፎች ከላይ ተከልሁ፤ ለውስጥ እግሩ ትንንሽ የሸሚዝ ቁልፎች ገዛሁ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በእጄ ዘመዘምኋቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አንዱ ብቻ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ ደግሞ ደጋግሞ እየተበላሸ። ስጨርስ የጎረቤቴን ልጅ ዳግመኛ ተዋስሁ። ገባላት። ልጅቷ ቁጭ ብላ እግሯን እያወራጨች መስመሩን ልትይዘው ስትሞክር እናቷና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አስናቀ ግን አገር ሁሉ ቦላሌ በለበሰበት ዘመን በጠባብ ሱሪ ትምህርት ቤት ሄደ። ተማሪዎቹ «ቆቅ እግር» አሉት። ከዓመታት በኋላ ጠባብ ሱሪ ሲመጣ፣ «እኔ ነኝ የጀመርሁት» እያለ እስኪሞት ድረስ ተኮፈሰብኝ።

ዛሬ ንድፍ በስልክ ይመጣል። ጎንደር ያለችው የልጅ ልጄ ታሳየኛለች፤ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ሴት እየቆረጠች እየሰፋች ታሳያለች፤ የማይገባ ነገር የለውም። ደግ ነው። እኔ ግን ያን ሱሪ ያሳመረው ያልገባኝ መስመር ይመስለኛል።

ዘውዱ እንዳልሁት ከገና በኋላ መጣ። ሱሪውን ከመስጠቴ በፊት እንደምነግረው ለራሴ ምዬ ነበር።

«አያ ዘውዱ፣ ሳያዩት አንድ ነገር ልንገርዎ። ካፖርቱን አበላሽቼው ነበር። ያለ ትርፍ ቆርጬ ጠበበብኝ። ይህ የሚያዩት መስመር በንድፉ ላይ የለም፤ ያስገባሁት ለማስፋት ነው።»

ተቀበለኝና ዘረጋው። ጣቱን በፊት ኪሱ ሰደደ፤ ከዚያ በኋላኛው። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ። መስመሩን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቱ ተከተለው።

«ይኸ ጨርቅ ከየት መጣ?»

«ከባሌ ሱሪ።»

«ባልሽ ምን አለ?»

«ብርድ ገባኝ አለ።»

ያ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እንግዲያውስ ስህተትሽን እግዚአብሔር ይባርከው» አለ። ሳቁን ሰምተው ሰፊዎቹ ከበረንዳው ተነሥተው መጡ። ጋሽ ውብሸት ሱሪውን ተቀብለው ፊቱን አላዩትም፤ ውስጡን ገልብጠው አዩት። ሰፊ ሰፊን የሚያውቀው በውስጥ በኩል ነው። የኪሱን ገበር ጎተቱ፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሡ። ከዚያ መለሱለት።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«አባቴ።»

«ነገ መኪናሽን ወደ በረንዳው አምጪው» አሉ። «እዚህ ፀሐዩ ያነድሻል።»

በማግስቱ አስናቀና ዘውዱ ተሸክመው ወሰዱልኝ። አምስተኛ ሰፊ ሆንሁ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን የትልቅ ሰው ሱሪ ሰፋሁ፤ ያዘዘኝም «ለአይጥ ነው ወይ» ያለው ሰፊ ራሱ ነው፤ የራሱን ልብስ መስፋት አይሆንልኝም ብሎ።

የልጁን ነገር ግን የምሰማበት መንገድ አልነበረም። አምቢኮ ሩቅ ነው፤ ስልክ የለ። ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። ጨርቅ ባነሣሁ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ «ሦስት ቀብረናል» ያለው ይመጣብኝና መኪናዬን አቆማለሁ። አስናቀ እንዳልጨነቅ፣ «ክፉ ወሬ ቢኖር ይደርስሽ ነበር» ይለኛል። ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ቀና ስል ዘውዱ በቅሎ እየሳበ በመንገዱ ሲመጣ አየሁ። በቅሎዋ ላይ ያሉት ነጭ የለበሱ አሮጊት ናቸው። ከኋላቸው አንዲት ቀጭን ሴት ልጅ አዝላ ትራመዳለች። ከአንቀልባው ሥር ሁለት ጥቁር እግሮች ወጥተዋል፤ በጎናቸው የካኪ መስመር።

ሮጬ ወረድሁ። ጥሩዬ ልጁን አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፊቱ ሞልቷል፤ ሱሪው ሆዱ ላይ ተወጥሯል። «ስሙን አጥቷል» አለችኝ እየሳቀች። «ጥምቀት ዕለት ቄሱ የጦር ሹም ሱሪ ያስመሰለውን መስመር አይተው፣ ‹ይህ ግራዝማች ከየት ጦር ግንባር መጣ?› ብለው፣ ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ግራዝማች ነው የሚለው።» እኔም ግራዝማች ብዬ ብጠራው ዞሮ አየኝ።

አሮጊቷን ከበቅሎ አወረድናቸው። የዘውዱ እናት፣ እሜት ላቀች፣ እሳቸው ናቸው። በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ቁጣ ጠበቅሁ።

«ይህን ሱሪ የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎን እሜቴ።»

«እኔ አይሆንም ብዬ ነበር።»

«ሰምቻለሁ እሜቴ።»

«ጥምቀት ዕለት አገሩ ሁሉ ከበበን» አሉ። «እኔ ልቤ ቆሞ ነበር። ሰዉ ግን መስመሩን አየ፣ ኪሱን አየ፣ ቁልፉን ቆጠረ። ዓይኑ ሁሉ ሱሪው ላይ ዋለ። ልጁን ያየው የለም።» ልጁን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ይኸው፣ አሁን ጠበበው። ሌላ ስፊለት። ሰፋ አድርጊው፤ ለከርሞም ይሁነው።»

ጥሩዬ ፊቷን ወደ በቅሎዋ አዞረች። አማቷ በልጅ ላይ ከርሞ ብለው ሲናገሩ ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ እንደነበረ ኋላ ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተመለሰችና ልጁን በብብቱ ይዛ በረንዳው ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችልኝ። እኔም ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ከወገቡ ጀመርሁ።